የሜሪ ፓተን ነዋሪ

ወለላ ደሴ መርከቧ ላይ በወጣች በሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛው ቀን፣ እንደ ወትሮው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳች። ፊቷን ሳትታጠብ ወደ መተላለፊያው ወጣችና ግድግዳው ላይ በተገጠመው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀኝ መዳፏን አሳረፈች። ሰሌዳው ሞቅ አለ። "እንደምን አደሩ ካፒቴን" አላት። እጇን አንስታ ተመልሳ ተኛች።

ሥራዋ ይኸው ነበር። በቀን አራት ጊዜ፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ መዳፏን ማሳረፍ። አንድም ሕያው ሰው ያልያዘ የጭነት መርከብ ባሕር ላይ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክል ሕግ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሕጉ ሰውየው ምን እንደሚሠራ አይናገርም፤ በሕይወት መኖሩን ብቻ ነው የሚጠይቀው። በኩባንያው የሠራተኛ መዝገብ ላይ የወለላ መደብ "ነዋሪ" ይላል። በመርከቧ ሰነዶች ላይ ደግሞ "ካፒቴን" ተብላ ተጽፋለች፤ ሰነዶቹ በድሮ ቅጽ የሚሞሉ ስለነበሩና ቅጹን የቀየረው ሰው ስላልነበረ ነው።

ኩባንያው ነዋሪ የሚቀጥረው ባሕር ከሌላቸው አገሮች ነበር። በተለይ ሴቶችን ይመርጣል። ባሕርን ዓይቶ ያላደገ ሰው የማይመለከተውን ነገር አይነካካም፣ ሴቶች ደግሞ ብቸኝነትን ይችላሉ የሚል ጥናት ነበረው። ወለላ ከዘጌ ናት። ጣና ዳር ነው ያደገችው፤ ቀጣሪዎቹ ግን ሐይቅን ከባሕር አልቆጠሩትም። የሦስት ሳምንት ሥልጠና ወሰደች። ከሦስቱ ሳምንት ሁለቱ ስለ አእምሮ ጤና ነበር፤ የቀረው ስለ እሳት ማጥፊያና ስለ ገመድ መሰላል። በመጨረሻው ቀን ነጭ የካፒቴን ልብስ አልብሰው ፎቶ አነሷት፤ ልብሱንም ለቀጣይዋ ሠልጣኝ ስለሚያስፈልግ መልሰው ተቀበሏት። ፎቶው ባሕር ዳር፣ እናቷ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እናቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅና የወለላ ልጅ ርብቃ አብረው ነው የሚኖሩት። የርብቃ አባት ሌላ ቤት ከመሠረተ ቆይቷል።

የኩባንያው መርከቦች ሁሉ የሚጠሩት በዓለም ታሪክ ስመ ጥር በሆኑ ሴት ባሕረኞች ስም ነው። የወንድ ልብስ ለብሳ ዓለምን በመርከብ የዞረችው ፈረንሳዊት ስም አለ። በጥንት ዘመን ለፋርስ ንጉሥ ተሰልፋ መርከቦቿን እየመራች የተዋጋችው ንግሥት አለች። በመቶ የሚቆጠሩ ጀልባዎችን ያዘዘችው የቻይና የባሕር ሽፍታም አለች። የወለላ መርከብ "ሜሪ ፓተን" ትባላለች። በየቀኑ ለቀትር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከድምፅ ማጉያው የነዚህ ሴቶች ታሪክ ይሰማል፤ ዝግጅቱ ለነዋሪዎች መንፈስ ማነቃቂያ የታሰበ ነው። ተራኪው ድምፅ ጥርት ያለ የአዲስ አበባ አማርኛ ይናገራል። ወለላ ሁሉንም በቃሏ ይዛቸዋለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ይሏት ነበር፤ አንዳንዴም ለርብቃ ትነግራት ነበር። በኋላ ምሳ የደረሰ መሆኑን ማወቂያ ብቻ ሆኑ።

መርከቧ ምን እንደጫነች ወለላ አታውቅም። ከመስኮቷ የሚታየው የተደራረበ ሳጥን ነው፤ በሳጥኖቹ ላይ ቁጥር እንጂ ጽሑፍ የለም። እሑድ እሑድ አሥራ ሁለት ደቂቃ ከቤት ጋር ትነጋገራለች። ርብቃ ስለ ትምህርት ቤት ታወራለች፤ ወለላ "እሺ" ትላለች። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ እናቷ "ምነው ድምፅሽ?" ማለት አብዝታ ነበር። ወለላ መስመሩ ነው አለቻት። መስመሩ ምንም አልሆነም። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ በውስጧ የነበረው ነገር ሁሉ እንደ ቀዘቀዘ ወጥ ረግቶ ነበር፤ አያስከፋትም፣ አያስደስታትም። ናፍቆት የሚባለውን ነገር ታስታውሰዋለች፤ የት እንዳስቀመጠችው ግን ጠፍቷታል።

በዚያን ቀን፣ ለቀትር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ ብርጭቆ ልታጥብ ቆማ በመስኮቱ በኩል ብርቱካናማ ነገር አየች።

መጀመሪያ ቆሻሻ መሰላት። ባሕሩ ላይ ቆሻሻ አይጠፋም። ቀስ እያለ በመርከቧ ቀኝ በኩል ሲያልፍ ግን ከላዩ ላይ እጅ ተነሳ። ቀጥሎም ጨርቅ ተውለበለበ። ረዘም ያለች የእንጨት ጀልባ ናት፤ ሰው ሞልቶባታል፤ ብርቱካናማው ነገር በላያቸው የወጠሩት የፀሐይ መከለያ ላስቲክ ነው። አፋቸው ሲከፈት ይታያታል፤ ድምፅ አይሰማም። የመስኮቱ መስታወት ሦስት ድርብ ነው።

ወለላ ብርጭቆውን አስቀመጠች። እጇን አደረቀች። ከዚያ የየብሱን መሥሪያ ቤት ጠራች።

በዚያ ሰዓት ተረኛ የነበረው አቶ ልሳነወርቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ተቀምጦ አርባ መርከቦችን ይከታተላል። ሁለቱ በአካል ተያይተው አያውቁም፤ በሰባት ወር ውስጥ ግን ከቤተሰቧ ቀጥሎ ብዙ ያናገረችው ሰው እሱ ነው። ትሑት ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው ይመስላል።

"አቶ ልሳነ፣ ጀልባ አለ። ሰዎች አሉበት።"

"አውቃለሁ ካፒቴን። ተመዝግቧል።"

"መቼ?"

"ከግማሽ ሰዓት በፊት። መርከቧ አይታቸው ሁለት ዲግሪ ወደ ግራ ዞር ብላለች፤ እንዳትገጫቸው።"

ከዚያ የተደረገውን ሁሉ በዝርዝር ነገራት። ለሦስት አገሮች የጠረፍ ጠባቂ መልእክት ተልኳል፤ ሦስቱም መልእክቱ ደርሶናል ብለዋል። ቅርብ ያለው የነፍስ አድን መርከብ በሠላሳ አንድ ሰዓት ይደርሳል። ሜሪ ፓተን ብትቆም የመድረሻ ሰዓቷ ይዛነፋል፤ መቆም ደግሞ መርከቧ በራሷ የምትወስነው እንጂ ከየብስ የሚታዘዝ አይደለም። እሷም አስባበት ላለመቆም ወስናለች። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም።

"ማቆም የሚችል ማነው?" አለች ወለላ።

"እዚህ ክፍል ውስጥ የለም" አላት።

አመስግናው መስመሩን ዘጋች። በኋላ ስታስበው ያመሰገነችው ለምን እንደሆነ አልገባትም። ድምፅ ማጉያው የዕለቱን ታሪክ ጀምሮ ነበር። ተራው የመርከቧ የራሷ ስም ባለቤት የሜሪ ፓተን ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ባሏ ካፒቴን ነበር። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ በዚያ በክፉው ባሕር ላይ፣ ታሞ ወደቀ። ምክትሉ በጥፋት ታስሮ ነበር። ሌላው ሹም አቅጣጫ መቀመር አይችልም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሚስት፣ ያውም ነፍሰ ጡር ሆና፣ መርከቧን ተረክባ ሳን ፍራንሲስኮ አደረሰቻት። ወለላ ይህን ታሪክ ስትሰማ አሥራ ዘጠነኛ ጊዜዋ ነበር። ጀልባዋ በመስኮቱ ጠርዝ በኩል ወደ ኋላ ቀርታ ጠፋች።

ቀትር ሆነ። ደወሉ ደወለ። ወለላ ወደ መተላለፊያው ወጥታ ሰሌዳው ፊት ቆመች።

መዳፍ ካላረፈ ምን እንደሚሆን በሥልጠናው ተነግሯታል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጥሪ ይደረጋል። ሁለቱን መርከቧ ራሷ ትጠራለች፣ ሦስተኛውን ሰው። መልስ ከሌለ ነዋሪው ሞቷል ተብሎ ይጻፋል፤ መርከቧም ሕያው ሰው እስክታገኝ ድረስ ሞተሯን አጥፍታ ባለችበት ትቆማለች። አሠልጣኙ ይህን ሲናገር ይህ እንኳ ያጋጠመው ከስንት አንዴ ነው ብሎ ፈገግ ብሎ ነበር።

ወስና አልነበረም። ብዙ ቆይታ፣ ሰዎች ሲጠይቋት፣ ያቺን ደቂቃ ደጋግማ ፈልጋለች፤ ውሳኔ የሚባል ነገር አላገኘችባትም። ልቧ እንኳ ቶሎ ቶሎ አልመታም። እጇ አልተነሳም፤ እሷም አላነሳችውም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች።

መርከቧ አንድ ጊዜ ጠራቻት። "ካፒቴን፣ እባክዎ መዳፍዎን ያሳርፉ።" ከሰባት ደቂቃ በኋላ ደገመች፤ ድምፁ ያው ነው፣ ትንሽ ጎላ ይላል። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ። የአቶ ልሳነወርቅ ትንፋሽ ተሰማ።

"እህቴ" አለ። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ብሏት አያውቅም። "የሦስተኛው ጥሪ ደወል ከመጮሁ በፊት ያለው አይቀዳም፤ ስለዚህ ስሚኝ። ከግማሽ ሰዓት በፊት አናግረሽኛል፤ ደህና ነሽ። ዝም ካልሽ ግን ሞተች ብዬ እጽፋለሁ። የጻፍኩትን ልሰርዘው አልችልም። ማን እንደሚሰርዘውም አላውቅም። መልእክቱ ወዲያው እናትሽ ዘንድ ይደርሳል፣ ልጅሽም ዘንድ።" አፍንጫውን ሳበ። "መልሺ አልልሽም። አትመልሺም አልልሽም።"

ወለላ ጉልበቷን አቀፈች። አፏን የከፈተችው ልትናገር ይሁን ልትተነፍስ እሷም አታውቅም።

ደወሉ ጮኸ። አቶ ልሳነወርቅ ድምፁን ወደ ሥራ ድምፅ መለሰ። "ካፒቴን ወለላ ደሴ። ሦስተኛ ጥሪ።" አንድ ሙሉ ደቂቃ ጠበቀ።

"መልስ የለም" አለ።

ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ቆመ። ለሰባት ወር ከእግሯ ሥር፣ ከአልጋዋ ሥር፣ ከጥርሷ ሥር ሳይቀር ሲንቀጠቀጥ የኖረው ነገር ጸጥ አለ። ጸጥታው ጆሮዋን አመማት።

የመርከቧን የኋላ ወለል የረገጠችው ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ወጥታ ስታይ ጀልባዋ አድማሱ ላይ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ትንሽ ነጥብ ሆናለች። መርከቧ መቆሟን አይተው ይሁን አይሁን ማወቅ አልቻለችም። የመኝታዋን አንሶላ አምጥታ አውለበለበች፤ እጇ ሲዝል የጠርዙ አጥር ብረት ላይ አሠረችው። ከዚያ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ፀሐዩ አናቷን ይበሳት ነበር። በዚያን ሰዓት ባሕር ዳር ምን እየሆነ እንደሆነ ልታስብ ሞከረች። ርብቃ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ መልእክት ማንበብ ስለማትችል የሚያነብላት ሰው ልትፈልግ ጎረቤት ሄዳለች። ከዚህ አልፎ ሐሳቧ አልሄድ አላት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ነጥቧ ላይ ብርቱካናማ ቀለም ታየ። ቆሞ ነበር የሚታየው፤ ላስቲኩን እንደ ሸራ አቁመውታል። ጀልባዋ ነፋሱን ይዛ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያለች፣ በዝግታ ግን ሳትስት መጣች። ወለላ መርከብ ሲሄድ ነው እንጂ ሰው ነፋስ ይዞ ሲነዳ አይታ አታውቅም ነበር። ዓይኗን መንቀል አቃታት። ከአሥር ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል የመርከቧ ግድግዳ ጥግ ደረሱ። ወለላ የገመድ መሰላሉን እንደተማረችው ፈትታ ጣለች።

አሥራ አንድ ሰዎች ወጡ። ከሕፃን በቀር ሁሉም ዓይነት ሰው በመካከላቸው ነበረ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ከወጡ በኋላ ወለሉ ላይ እንደ ወደቁ ይቀራሉ እንጂ አይናገሩም። ተሳፍረው የነበሩት አሥራ ሦስት መሆናቸውን ወለላ የሰማችው በማግስቱ ነው። በመጨረሻ የወጣችው መሪውን ይዛ የነበረችው ሴት ናት። ወደ ስልሳ የሚጠጋት፣ አጠር ያለች፣ ክንዷ የጠነከረ ሴት። ከመውጣቷ በፊት ሸራውን አጥፋ አስቀመጠችና ጀልባዋን በእግሯ ገፋቻት። ጀልባዋ ውኃ እያስገባች ነበር።

ነጅማ ትባላለች። ከወዲያ ማዶ፣ ከየመን ጠረፍ ናት፤ አባቷ ዓሣ አጥማጅ፣ እናቷ የከሚሴ ሰው። አማርኛዋ የወሎ ለዛ አለው፤ ከእናቷ ሌላ የምታናግረው ሰው ስላልነበረ እንደ አሮጊት ነበር የምትናገረው። ውኃ ከጠጣች በኋላ ዙሪያውን ቃኘች።

"ሰዎችሽ የት አሉ?"

"እኔ ብቻ ነኝ።"

"ማን ነው የሚነዳት?"

"ማንም።"

ነጅማ ለረጅም ጊዜ አየቻት። "እኛን አይቶ ማን አቆማት ታዲያ?"

ወለላ ነገሩን እንዳለ አስረዳቻት። መሞቷንም ነገረቻት። ነጅማ አልሳቀችም። የወለላን እጅ ይዛ መዳፏን ገልብጣ አየችና ቀስ ብላ መለሰችላት።

በዚያው ማታ ወለላ ሰሌዳው ፊት ቆማ መዳፏን አሳረፈች። ሰሌዳው አልሞቀም። "ይህ መዳፍ የሟች ነው" አላት፤ "ሌላ ሕያው ሰው ካለ መዳፉን ያሳርፍ።" ደጋግማ ሞከረች፤ በግራ እጇም ሞከረች። በመጨረሻ ነጅማ መጥታ እጇን አሳረፈች። ሰሌዳው ሞቀ። በዓረብኛ ስሟን ጠየቃት፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ተነሳ። የሜሪ ፓተን ካፒቴን ነጅማ ሆነች።

ከየብስ የሚመልሰው አቶ ልሳነወርቅ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ነው። ነጅማም፣ ሞተች የተባለችው ሴት በሕይወት አጠገቤ ቆማለች አለችው። ሰውየው መመዝገቡን ነገራት። የሞት አቤቱታ ግን ከየብስ እንደማይታይ፣ መርከቧ ወደብ ስትደርስ በአካል ቀርበው ማመልከት እንደሚችሉ አስረዳት። ለወለላ ቤተሰብ ስልክ ይደወል ብላ ለመነችው። ለነዋሪ የሚፈቀደው ጥሪ ወደ ነዋሪው ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ነጅማ ደግሞ ያስመዘገበችው ቤተሰብ የላትም ተባለ። ሁለቱ ሰዎቿ ባሕሩ ላይ ነው የቀሩት።

እስከ ወደቡ አሥር ቀን ፈጀ። ለአንድ ሰው ለዓመት የታሰበውን ምግብ እየቆነጠሩ ለአሥራ ሁለት በሉት። ሰዎቹ ቀስ በቀስ መናገር ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ ያለቅሱ ነበር። ወለላ ብርድ ልብስ ታድላለች፣ ታበስላለች፣ ታጥባለች። ማታ ማታ ስለ ቤቷ ማሰብ እንዳለባት ታውቃለች። ለቅሶ ተቀምጠዋል። ድንኳን ተተክሏል። እንደ ሌላ ሰው ቤት ነገር ሆኖ ይታያታል፤ እንባ አይመጣም። ለነጅማ ይህን ስትነግራት ነጅማ ይመጣል ነበር ያለቻት፤ መቼ እንደሚመጣ አልነገረቻትም።

ነጅማ ግን ቁጭ አላለችም። ከነጋታው ጀምራ መርከቧን እየዞረች ትነካካለች፣ ትከፍታለች፣ ታዳምጣለች። በባዶው የመሪ ክፍል ውስጥ በላስቲክ የተሸፈነ የድሮ ኮምፓስ አገኘች። ላስቲኩን ቀደደችው። በየቀትሩ የሚሰማውን የባሕረኛ ሴቶች ታሪክ ከወለላ ጋር ትሰማ ነበር። አንድ ቀን የሜሪ ፓተን ተራ ሆነ። ነጅማ እስከ መጨረሻው ሰማችና ዳቦዋን አስቀመጠች።

"ነፍሰ ጡር ነበረች ነው የሚሉት?"

"አዎ።"

"እሺ፣ ወገቧን ማን ያሽላት ነበር? ውኃው ሲነሳ ምን ይዛ ትቆም ነበር? ምን በላች?" ወደ ድምፅ ማጉያው አገጯን ቀሰረች። "እኔ የመጀመሪያ ልጄን በሆዴ ይዤ ሁለት ክረምት መረብ ጥያለሁ። ምንም ጀግንነት የለውም፤ ሽንት ነው ያስቸገረኝ። ይቺንም ጀግና አሉና ጨረሷት። ሰው አደረጓት ወይ?"

አንዲት ከዳር የተቀመጠች ወጣት ሳቀች። ቀጥሎ ሌሎቹም ሳቁ። ወለላ ሲስቁ አየቻቸው፤ የራሷ ፊትም የተንቀሳቀሰ መሰላት።

ወደቡ ሲደርሱ ለነጅማ ወረቀት ቀረበላት። ከፈለገች ትውረድ፤ ከስደተኞቹ ጋር ትቆጠራለች። ካልፈለገች የነዋሪነቱ ቦታ የእሷ ነው፤ መርከቧ በዚያው ዕለት ትነሳለች። ነጅማ ብዙ አላሰበችም። ለወለላ ስትነግራት ወደ ባሕሩ ነበር የምታየው። የማርፍበት ቤት የለኝም አለች፤ ይቺ ደግሞ ትልቅ ናት፣ ቀስ ብዬ እለምዳታለሁ፣ አንድ ቀን የሚታዘዘው ገመዷ የቱ እንደሆነ ሳላገኘው አልቀርም። ከዚያ ወለላን ግንባሯን ሳመቻት።

"ቤትሽ ሂጂ" አለቻት። "እየቀለድኩ አይደለም። ደንዝዘሽም ቢሆን ሂጂ።"

ሌሎቹ አሥሩ መጠለያ ገቡ፤ ወለላም አብራቸው ገባች። በመጀመሪያው ቀን መዝጋቢዋ፣ ንቁ ዓይን ያላት ወጣት ሴት፣ በአስተርጓሚ ስሟን ጠየቀቻት። ወለላ ደሴ አለች። መዝጋቢዋ ፈልጋ አገኘችው፤ ከዚያ ፊቷ ተጨነቀ። ይህ ስም በሙታን መዝገብ ውስጥ ነው። ወንበሯን ወደ ወለላ አስጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መከረቻት። ሌላ ስም ብትሰጥ እንደ ማንኛውም ከባሕር የተረፈ ሰው ተመዝግባ በሳምንት ውስጥ ትሸኛለች፤ ቤተሰቧም የሚገባውን ካሳ ይቀበላል። በሕይወት አለሁ ካለች ግን መርከብ ሆን ብላ ያቆመች ሠራተኛ ናት። ክስ ይከፈታል፤ ካሳው ይቀራል፤ ሁለተኛ ባሕር ላይ አትወጣም፤ ዕዳው ከእሷ አልፎ ለልጇ ሊተርፍ ይችላል። እስኪ ሄደሽ አስቢበት አለቻት።

ወለላ ሄዳ አሰበችበት። በማግስቱ ተመልሳ ወለላ ደሴ አለች። በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛውም። መዝጋቢዋ አልተቆጣችም፤ በየቀኑ ሻይ ትሰጣትና ቅጹን ባዶውን መልሳ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ሌሎቹ አንድ በአንድ ስም እየሰጡ ሄዱ። ወለላ ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ለራሷም አልተብራራላትም። ስለ እውነት ብላ አልነበረም። ርብቃን እናት አልባ ላለማድረግ ብላም ነው ማለት ይከብዳል፤ የልጇን ፊት ስታስብ የሚመጣባት ፎቶ እንጂ ፊት አልነበረም። ሌላ ስም ስትፈልግ የሚመጣላት ስም ስለጠፋ ብቻ ይመስላታል። ሠላሳ ቀን ሆነ።

በሠላሳኛው ጠዋት መዝጋቢዋ ቅጹን ሳትመልስ ጠረጴዛው ላይ አስቀረችው። ሞላችው። ክሱ ከዛሬ ጀምሮ ይከፈታል አለቻት። ወለላ ይከፈት አለች። ከዚያ መዝጋቢዋ ስልክ ገፋ አድርጋ ሰጠቻት፤ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ስላሉ አሥር ደቂቃ እንዳያልፍ ነገረቻት።

ስልኩ ብዙ ጠራ። ሲነሳ ከበስተኋላ የሰው ጫጫታ ነበር፤ ሳህን ይንኳኳል፣ አንድ ሰው ወንበር አምጡ ይላል።

"አቤት" አለች ርብቃ።

"ርብቃ።"

"ማን ልበል?" ትሕትና የተሞላበት ድምፅ ነበር፤ እንግዳ ሲቀበል የዋለ ሰው ድምፅ።

"እናትሽ ነኝ።"

ጫጫታው ቀጠለ።

"እናቴ ሞታለች" አለች ርብቃ። ቁጣ የለበትም፤ ለብዙ ሰው ስትናገረው የከረመችው ነገር ነው። "ዛሬ አርባዋ ነው።"

ወለላ ቀኑን አልቆጠረችም ነበር። አሥሩ የመርከብ፣ ሠላሳው የመጠለያ። ምን እንደሚባል ፈለገች። ለልጇ የሚነገር ነገር ሁሉ ረጅም ሆነባት፤ ሕጉ፣ ሰሌዳው፣ ጀልባው። "ብዙ ሰው መጣ?" አለቻት።

ከዚያኛው ጫፍ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ልቅሶም ሳቅም ያልሆነ። "ግቢው ሞልቷል" አለች ርብቃ። "ካህናቱ ጸሎት ላይ ናቸው። አትዝጊው። አትዝጊው፣ እሺ? እየሄድኩ ነው፣ አትዝጊው።"

የምትራመድበት ድምፅ ተሰማ። የሚዘምሩ ድምፆች ቀረቡ። ወለላ ስለ ነፍሷ ሲማለዱ ሰማች፤ በክርስትና ስሟ፣ ወለተ ሥላሴ እያሉ። ይህን ስም ሰው ሲጠራው ከሰማች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ርብቃ አባቶች አንድ ጊዜ ቆዩ አለች። አልሰሟትም። ደግማ ጮክ ብላ ተናገረች። ዜማው ከኋላ ወደ ፊት እየቀነሰ መጥቶ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም አቆመ።

"ምንድነው ልጄ?" የሚል የሽማግሌ ድምፅ።

"ስልክ ነው። ለእማማ።"

ጨርቅ ሲታሽ፣ መቋሚያ ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ ስልኩ ላይ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ትንፋሽ መጣ። አሮጊቷ ሃሎ አላለችም፤ በሕይወቷ ብላም አታውቅም።

"እማዬ" አለች ወለላ።

መላው ግቢ ዝም ብሎ ነበር። ወለላ የሚጮህ ሰው ጠበቀች፤ የሚወድቅ ሰው ጠበቀች። ከመዝጋቢዋ ጠረጴዛ ወዲያ የተሰለፉት ሰዎችም ወሬ አቁመው ያዩዋት ነበር።

"በልተሻል?" አለች እናቷ።

ወለላ ልትመልስ አፏን ከፈተች። በውስጧ የረጋው ነገር ተነሳ፤ ትኩስ ነበር፣ የሚያም ነበር። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

"አልበላሁም እማዬ" አለች። "ርቦኛል።"